ለአንድ ሰው እጅ የተሠራ ጊታር

አንድ ደምሰው የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ነበር። የባንድ ጓደኞቹ "እስቲ አንዴ አውሰን" እያሉ ጊታሩን ሲነካኩበት ደሙ ይፈላ ነበር። ሲመረው የሦስት ዓመት ጥሪቱን ይዞ ጋሽ ታፈሰ ወደሚባሉ ጊታር ሠሪ ሄደ።

"ከእኔ በቀር ማንም የማይጫወትበት አድርገው ይሥሩልኝ" አላቸው።

ሽማግሌው "አስበህበታል?" አሉት። "በደንብ!" አለ። የጊታሩን አንገት በደምሰው ቀጫጭን ጣቶች ልክ ጠረቡለት፤ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን እሱ ብቻ በለመደው ቦታ አደረጉለት፤ ስሙንም በትልልቅ ፊደል ቀረጹበት። ደምሰውም አሮጌ ጊታሩን የፈለገ ይጫወትበት ብሎ የባንዱ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ጣለው።

በሁለተኛው ዓመት ሚስቱ ሙሉነሽ ታመመች። ቀዶ ጥገናው ለዓርብ ተቀጠረ፤ ሆስፒታሉ ግን እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ቅድሚያ ክፍያ ካልገባ ተራዋ ያልፋል አለ። ሐኪሙ ደግሞ መዘግየት አደገኛ መሆኑን ነግሮታል።

"አይዞሽ፣ ጊታሩ አለ" አላት።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ከሱቅ ሱቅ ዞረ። አንዱ ሞክሮት "እጄ አልገባ አለኝ" ብሎ መለሰለት። ሌላው ስሙን አንብቦ "ደምሰው ማነው?" አለው። ሦስተኛው የተራ ጊታር ግማሽ ዋጋ ጠራለት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከጋሽ ታፈሰ ደጅ ቆመ።

"እርስዎ ይግዙልኝ፤ ምን እንደሚያወጣ ያውቁታል።"

"ልጄ፣ ማንም የማይጫወትበት አድርገው ይሥሩልኝ አልከኝ፤ እንዳልከው ሠራሁት። ታዲያ አሁን ማን ይግዛው? ያ አሮጌውስ የት ደረሰ?"

ደምሰው እየሮጠ መለማመጃ ክፍል ደረሰ። ጓደኞቹ ያንኑ አሮጌ ጊታር እየተቀባበሉ ይጫወቱ ነበር። የሙሉነሽን ሕመም አስረድቶ ሊሸጠው እንደመጣ ነገራቸው።

"ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው!" አለ ከበሮ መቺው። "ግማሾቻችን ጊታር የለመድነው በዚህ ነው። ስንት ጎደለህ?"

እዚያው አዋጥተው ገዙት። ክፍያው ሳይመሽ ገባ፤ ሙሉነሽም ዓርብ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣች። ስሙ የተቀረጸበት ጊታር ግን እስከ ዛሬ ገዢ አላገኘም።

ለራሳችን ብቻ ብለን ያበጀነው ነገር፣ በጨነቀን ቀን ከእኛ ሌላ ፈላጊ የለውም። ዋጋ የሚኖረው ሌላውም እጁን ያሳረፈበት ነው። እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፤ ማንም እንዳይነካው ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው?