በቀኝም በግራም ያዜመው ይኄይስ

ድሮ ነው፣ ልጆቼ። የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ሳያበቅሉ ነው። ዝግባ አፋፍ የሚባል አገር ነበረ፤ እዚያ ይኄይስ የሚባል የቆሎ ተማሪ ነበረ። ጠጋ በሉና ስሙኝ! እኔ ፊደል ሳልጨርስ የተውኩ ሴት ነኝ፤ ይህችን ግን አንዲት ሳላጎድል ነው የምነግራችሁ።

ይኄይስ የመጣው ቅኔ ሊማር ነው። ደበሎው ተቦጫጭቋል፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳው ባዶ ነው፣ ጊዜው ደግሞ ክረምት። የቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጎሹ የሚባል አፈኛ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እዚህ እግር ማስገቢያ የለም! ማዶ ሂድ፣ የሬሳው መምህር ቤት ሰፊ ነው!» አለው። ሌሎቹ ሳቁበት።

የሬሳው መምህር ያሉት የኔታ ክንፉን ነው። የኔታ የሚያስተምሩት መዋሥዕት ነው፤ ሰው ሲሞት ሬሳው ዙሪያ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ዜማ። በዝግባ አፋፍ ማንም አይማረውም። ሬሳ በሌለበት ያዜመ ሰው ሞትን ይጠራል ይሉ ነበራ! የኔታ ታዲያ ተማሪ ሳያዩ አረጁ።

ይኄይስ ለጣራው ብሎ ገባ። ለጣራው ብሎ ተቀመጠ። ለጣራው ብሎ አንዲት ቃል ተቀበለ። መጀመሪያ ቀፈፈው፤ ለቅሶ ነበር የመሰለው። ኋላ ጆሮውን ሲሰጠው ለቅሶ አይደለም። አንዱ ወገን ይጠይቃል፣ ሌላው ወገን ይመልሳል። ድምፁ ወርዶ ወርዶ፣ አለቀ ሲሉት ከዚያው ከታች ቀና ይላል። እንዴት አድርጎ ነው የሚነሳው? ይህ ነገር ይኄይስን ያዘው። ቅኔውን ረሳው በቃ! ውሃ ሲቀዳ ያዜማል፤ እንጨት ሲለቅም ያዜማል፤ ደስ ብሎት፣ ሬሳ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ ያዜማል።

በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ገባ።

ወይ አምላኬ! ቤት ለቤት ዞረ። ሕፃን ሽማግሌ አላለም። ሰዉም «ማን ጠራው?» አለ። «ያ የማዶው ነው የጠራው!» አለ። እመት የውብዳር የምትባል ባለ ብዙ ከብት ሴት ነበረች። ይኄይስ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጇ ቢቆም ውሻዋን ፈታችበት። «ሂድ ወዲያ! የጠራኸው ያብላህ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ቁራሽ የሚሰጠው ጠፋ። መዋሥዕትም በቀብር ላይ እንኳ እንዳይዜም ተከለከለ። ሰው እንደ እንጨት በዝምታ አፈር ገባ።

ቀጥሎ የኔታ ክንፉ ሞቱ። ይኄይስ ብቻውን ገነዛቸው፤ ብቻውን ጉድጓድ ማሰ፤ ክልከላውንም ጣሰ። ግን መዋሥዕት በአንድ ሰው አይሆንማ! ምን ያድርግ? በቀኝ ቆሞ ይጠይቃል፣ ዞሮ በግራ ቆሞ ይመልሳል። ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ወደ ግራ ይሮጣል። ጎሹና ጓደኞቹ ከአጥር ኋላ ሆነው አዩት። መጀመሪያ ሳቁ። ጭቃው አዳልጦት ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ እንደገና ሲሮጥ ሲያዩ ግን ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ።

ብዙም ሳይቆይ ፈንጣጣው የእመት የውብዳርን አንድያ ልጅ፣ ስንዱን ወሰደ። እናትየው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ማዶ ወጣች። ከጎጆው ደጅ ተንበረከከች። «ልጄ እንደ እንጨት አትቀበርብኝ። አዚምላት፣ አባቴ» አለች።

የይኄይስም ፊት ግሏል፤ የፈንጣጣው ነጥብ ወጥቶበታል። ቂም አልያዘም ብዬ አልዋሻችሁም። ኋላ ግን፣ «እኔ ከእንግዲህ መሮጥ አልችልም፣ እመት። መላሽ አምጪልኝ» አላት።

የውብዳር ወደ ቅኔ ተማሪዎቹ በረረች። «እናንተ! ስትበሉ የከረማችሁት የኔን ቁራሽ ነው፤ ውጡ!» አለች። ማን ይውጣ? ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ጎሹ ተነሣ። «ሞት እንደሆነ ሳንጠራውም መጥቷል» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ይኄይስ በሽታው እንዳይነካቸው እሱ ከጎጆው፣ እነሱ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ቃል በቃል አቀበላቸው። ጎሹ መጀመሪያ በፍርሃት ላብ አጠመቀው። ኋላ ዜማው ሲገባው ፍርሃቱን ረሳና፣ «ቀጥሎስ? ቀጥሎስ ምን ይላል?» እያለ አጥሩን ይነቀንቅ ጀመር። ይኄይስ ሳቀ ይባላል። በዚያ ሁሉ ቁስል ሳቀ!

ስንዱ የተማሩትን ያህል፣ ግራና ቀኝ ተዚሞላት ተቀበረች። እናቷ ማልቀስ የቻለችው ገና ያን ጊዜ ነው።

ጎሹ ግን አልጠገበም። በነጋ ቁጥር አጥሩ ሥር ነው። ይኄይስ እየደከመ ያቀብላል፣ ጎሹ ይቀበላል። አንድ ጠዋት ከዜማው መሐል የይኄይስ ድምፅ ቀረ። ጎሹ «ቀጥሎስ?» አለ። መልስ የለም። «ቀጥሎስ፣ ይኄይስ?» አለ። መልስ የለም።

ተማሪዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ቀበሩት። ዜማው እሱ ካቆመበት ሲደርስ እነሱም ቆሙ፤ ቀሪውን አያውቁትማ። ጎሹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ «ቀጥሎስ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቅኔውን ትቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቀሪውን ፍለጋ አገር ለአገር ዞረ። ተምሮ የተመለሰው ጠጉሩ ሸብቶ ነው።

ዛሬም ዝግባ አፋፍ ቀብር ብትሄዱ መዋሥዕቱ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። እንግዳ ሰው ዜማው የጠፋባቸው ይመስለዋል። ግራውም ቀኙም ዝም ይላል። ከዚያ ከተማሪዎቹ አንዱ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ፣ «ቀጥሎስ?» ይላል።

ትንሽ ይጠብቁና ይቀጥላሉ።