ጥልቅ ዋና የገባችው ቄብ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ወዲህ በሉልኝ።

በአንድ ወንዝ ዳር አንዲት ቄብ ዶሮ ነበረች። እኩዮቿ መሬት መጫር ሲማሩ፣ እሷን እናቷ ከመምህር ዳክዬ ዘንድ ጥልቅ ዋና አስገባቻት። ቄቧ በየቀኑ ትሰምጣለች፤ በየቀኑ በክንፏ ጎትተው ያወጧታል።

አንድ ቀን ከላባዋ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ «እማዬ፣ ይህ ትምህርት ይቅርብኝ፤ ልሞት ነው» አለች።

«አበድሽ? ለእድርተኛው ሁሉ አውርቼ! ደግሞ ምኑ ይከብዳል? ክንፍ ማወዛወዝ ብቻ እኮ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ» አለች ቄቧ።

እናት በእልህ ዘላ ገባች። ዳክዬ አንገቷን ይዞ ባያወጣት ኖሮ የእድሩ ድንኳን ያን ዕለት ለሷ ይተከል ነበር።

ቄቧ በልቧ «ተገላገልኩ!» እያለች እናቷን ደግፋ ወደ ቤት ስታዘግም፣ ጎረቤታቸው ጅግራ መንገድ ላይ አገኘቻቸው።

«እትዬ ዶሮ፣ ምነው እንዲህ በሰበሱ?»

እናት ላባዋን አራግፋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ልጄ ትምህርቱን ከጊዜው ቀድማ ጨርሳ፣ አሁን እኔን እያስተማረችኝ ነው።»

ቄቧ ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ እግሯን ረገጠቻት።

በማግስቱ ጅግራ ሦስት ልጆቿን አሰልፋ ዳክዬ ደጅ ተገኘች። የኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀ፤ ምዝገባው ግን እስካሁን አልተዘጋም።