የትርንጎ ሰባት ቤት

ጆሮ ላለው ሰው ተረት አለችኝ። እያደር የምትረዝም ናት። ብታቋርጡኝ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ወይራ አምባ በምትባል መንደር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ትርንጎ ብዙ ነገር አልፈለገችም፤ የፈለገችው አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ይሁን» ነው። አባቷ ደምሌ በልጅነቷ ስለሞተ ቃሉ ያለው በአያቷ በአያ ወርቅነህ አፍ ነው። እሳቸው ይሁን ካሉ አንዳርጌን ታገባለች፤ ካላሉ አታገባም። አንዳርጌን ደግሞ ትወደዋለች። እሷ የደበቀች ይመስላታል እንጂ ይህን የማያውቅ የወይራ አምባ ሰው የለም። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም።

«አባባ፣ ይሁን ይበሉኝ» አለች።

«ልጄ፣ አንቺም አንዳርጌም ከአንድ ሰው ከሽበሺ ነው የምትወለዱት። በእኛ አገር ሰባት ቤት ከሞላ ይጋባሉ፣ ከጎደለ አይጋቡም። በእሱ በኩል ሰባት ሞልቷል። በአንቺ በኩል መሪጌታ ልሳኑ ቢጽፉት አምስት ሆነ። አምስት ቤት እኮ እህትና ወንድም ማለት ነው! መሪጌታ ወረቀታቸውን ካረሙ ይሁን እላለሁ፤ ካላረሙ አልልም።»

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መሪጌታ ሄደች።

«የኔታ፣ ወረቀቱን ያርሙልኝ። የኔታ ወረቀት ካላረሙ አባባ ይሁን አይሉም፤ እኔም አላገባም።»

መሪጌታ ልሳኑ መነጽራቸውን አጥልቀው ወረቀቱን ዘረጉት። «ይኸው እዪው። አያትሽ በአፋቸው ሲነግሩኝ፣ ደምሌ፣ ወርቅነህ፣ ጓንጉል፣ ተድላ፣ ጓንጉል፣ ተድላ፣ ሽበሺ አሉኝ። ሽማግሌ ናቸውና ጓንጉል ተድላን ደገሙት ብዬ አንዱን ጥንድ ሰረዝኩት። ደግመውት ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው፣ እኔም እንጃ፣ ከአባቴ አፍ እንደ ዜማ ነው የለመድኩት አሉ። ከተሰረዘ አምስት፣ ካልተሰረዘ ሰባት። እኔ በግምት ቀለም አላነሳም። እማሆይ አስካለ ይቁጠሩልኝና አርማለሁ።»

እማሆይ አስካለ የአያ ወርቅነህ ታላቅ እህት ናቸው። ከመነኮሱ ሠላሳ ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ትርንጎ እያለከለከች ደረሰች።

«እማሆይ፣ ስም ይቁጠሩልኝ። እማሆይ ስም ካልቆጠሩ የኔታ ወረቀት አያርሙም፤ አባባ ይሁን አይሉም፤ እኔም አላገባም።»

«ውይ የእኔ ልጅ! ምላሴን አላምነውም። ስም ከስም ሲመሳሰል ምላስ ይዘላል፤ ጣት ግን አይዘልም። እኔ አባቶቼን የያዝኳቸው በመቁጠሪያዬ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ፍሬ። መቁጠሪያዬን አምጪልኝ፣ እቆጥራለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«ላም አንገት ላይ።»

አትሳቁ፣ እውነት ነው። የአንዳርጌ እናት የእትዬ ማንጠግቦሽ ላም ምጥ ጠንቶባት ስትጨነቅ፣ እማሆይ ጸልየው መቁጠሪያቸውን አንገቷ ላይ አሰሩላት። ላሚቱ በደህና ወለደች። በማግሥቱ ግን ያ «አምስት» የሚሉት ቁጥር መጣና ሁለቱ ቤቶች ተኳረፉ። መቁጠሪያው እዚያው ቀረ።

ትርንጎ ወደ መስኩ ወረደች።

«አንቺ ላም፣ መቁጠሪያውን ስጪኝ። ላም መቁጠሪያ ካልሰጠች እማሆይ ስም አይቆጥሩም፤ የኔታ ወረቀት አያርሙም፤ አባባ ይሁን አይሉም፤ እኔም አላገባም።»

«እምቧ! ጥጃዬን ሳላይ አንገቴን ለማንም አልሰጥም» አለች ላሚቱ። ያለችው በላምኛ ነው፤ ትርንጎ ግን ቀንዷን ስታይ ሁሉም ገባት።

ጥጃው በእትዬ ማንጠግቦሽ ጓሮ ታስሯል። ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገባች።

«አንተ ጥጃ፣ ወደ እናትህ ሂድልኝ። ጥጃ ካልሄደ ላም መቁጠሪያ አትሰጥም፤ እማሆይ ስም አይቆጥሩም፤ የኔታ ወረቀት አያርሙም፤ አባባ ይሁን አይሉም፤ እኔም አላገባም።»

ጥጃው እግሩን አነሳ፣ ገመዱ መልሶ ጎተተው። ገመዱን የቋጠሩት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ የእሳቸው ቋጠሮ ደግሞ በሌላ እጅ አይፈታም። አንዳርጌስ አትሉም? አንዳርጌማ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከላሚቱ ቀንድ ይልቅ የእናቱን ቁጣ ነው የሚፈራው።

«እትዬ፣ ገመዱን ይፍቱልኝ» አለች ትርንጎ። «እትዬ ገመድ ካልፈቱ ጥጃ አይሄድም፤ ላም መቁጠሪያ አትሰጥም፤ እማሆይ ስም አይቆጥሩም፤ የኔታ ወረቀት አያርሙም፤ አባባ ይሁን አይሉም፤ እኔም አላገባም።»

«አልፈታም!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «አምስት ቤት ከተባለ ወዲህ አያትሽ በደጄ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ምን አደረግኳቸው? ሽበሺን እኔ ወለድኩት? ስንት ዓመት በጉርብትና ኖረን እንደ ባዳ!» ዕንባቸው መጣ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «እንደምን አደርሽ እስኪሉኝ ገመዴን አልፈታም።»

ትርንጎ ዳገቱን ተመልሳ ወጣች። አያቷ ደጅ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በከዘራቸው ይቆረቁራሉ። ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ ጀመረች።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ ይበሏቸው! አባባ እንደምን አደሩ ካላሉ እትዬ ገመድ አይፈቱም፤ ጥጃ አይሄድም፤ ላም መቁጠሪያ አትሰጥም፤ እማሆይ ስም አይቆጥሩም፤ የኔታ ወረቀት አያርሙም፤ አባባ ይሁን አይሉም፤ እኔም አላገባም!»

አያ ወርቅነህ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ንቄያት እኮ አይደለም» አሉ። «አፍሬ ነው። ልጇን አምስት ቤት ብዬ ከልክዬ በምን ዓይኔ ልያት?»

ትርንጎ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ አምስት ቤት ከሆነ ዘመድዎ ናቸው። ዘመድ ሰላምታ ይነፈጋል?»

«አይነፈግም።»

«ሰባት ቤት ከሆነ ደግሞ አማችዎ ሊሆኑ ነው። አማችስ ይነፈጋል?»

«እሱም አይነፈግም።»

«እንግዲያው አምስትም ይሁን ሰባት፣ እንደምን አደሩ አለብዎት።»

ሽማግሌው ልጅቷን አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

ከዚህ በኋላማ ማን ያቆመዋል! አያ ወርቅነህ በእትዬ ማንጠግቦሽ ደጅ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «እንደምን አደሩ፣ እመት ማንጠግቦሽ? ላሚቱስ? ጥጃውስ?» አሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ ገመዱን ፈቱ፤ ጥጃው ወደ እናቱ ሮጠ፤ ላሚቱ ጥጃዋን ስትልስ አንገቷን ሰጠች፤ አንዳርጌ ዘሎ መቁጠሪያውን ፈታ (አሁን ጎበዘ!)፤ ትርንጎም ለእማሆይ አደረሰች። መሪጌታም ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም እማሆይን ከበው ተቀመጡ።

«ደምሌ፣ ነፍሱን ይማርልኝ። አንድ» አሉ እማሆይ፣ ፍሬውን በጣታቸው እያሳለፉ። «ወርቅነህ፣ ይኸው እዚህ ያለው። ሁለት። ጓንጉል፣ ንብ አናቢው አባታችን። ሦስት። ተድላ፣ በየበሩ ግንባሩን የሚመታው ረጅሙ። አራት። ጓንጉል...»

«ይኸው ደገሙት!» አሉ መሪጌታ።

«አልደገምኩም፣ የኔታ። ይህኛው ጓንጉል ንብ ሲያይ አገር ጥሎ የሚሸሸው ነው። አባታችን በተወለደ ሳምንት ሞተ። በእኛ ቤት አያት ሲሞት ስሙ በዚያ ሰሞን ለተወለደው ይሰጥ ነበር፣ ስሙ እንዳይጠፋ። አምስት። ተድላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ እንጨት ያመላለሰው፤ እሱም ስሙን ለረጅሙ ትቶ ሞተ። ስድስት። ሽበሺ። ሰባት።»

እማሆይ ጣታቸውን ሰባተኛው ፍሬ ላይ አቆሙ።

«እኔስ?» አሉ አያ ወርቅነህ እንደ ልጅ። «እኔን ለምን ተድላ አላሉኝም?»

«አንተ ስትወለድ ረጅሙ ተድላ ገና ደህና ነበር። ስሙን አልለቀቀማ!»

«አዎ... አዎ፣ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር» አሉ አያ ወርቅነህ፤ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። «አልደገምኩም ለካ። አላረጀሁም ለካ።»

መሪጌታ ልሳኑ ቀለማቸውን አነሱና የሰረዙትን ጥንድ እንደገና ጻፉት። እትዬ ማንጠግቦሽ ለእልልታ አፋቸውን አዘጋጁ። ትርንጎ ግን ገና አልተነፈሰችም፤ የአያቷን አፍ ነው የምታየው።

«ይሁን» አሉ አያ ወርቅነህ። ደስታቸው በዛና አሁንም፣ «ይሁን!» አሉ።

ትርንጎ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ወዲያው ወደ መሪጌታ ዞረች።

«የኔታ፣ ደገሙት ብለው አንዱን እንዳይሰርዙብኝ! ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ።»

ጾም ሳይገባ ተጋቡ። ጥጃውም ሠርጉ ላይ ሳይታሰር ዋለ። ተረቴ ሰባት ቤቷን ሞላች፤ ከሠርጉ ድፎ የተረፈ ካለ ለእኔም አቀብሉኝ።