ስም የጠማው ጉድጓድ

ጆሮ ያለው ይስማ፣ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ተረቴ መጥታለች።

ትርሲት የምትባል ልጅ ከይፋት ቆላ ተነስታ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ግቢው ሰፊ፣ ሰው ብዙ፣ የሚያናግራት ግን የለም። አብረዋት ዶርም የሚያድሩት ልጆች ከድሮም የሚተዋወቁ ናቸው፤ ሲስቁ አብራ ትስቃለች፣ በምን እንደሳቁ ግን አታውቅም። አንዳንዴ የራሷን ድምፅ ሳትሰማ ይመሻል።

አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከአሮጌው አዳራሽ ዘፈን ሰማች። የሙዚቃ ክበብ ነው። «እዚህ ብገባ ሰው አገኛለሁ» አለችና በሩን አንኳኳች። የክበቡ መሪ ኢዮስያስ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ።

«አስገቡኝ፤ መዝፈን እወዳለሁ።»

«ከበሯችን ድምፁ ጠፍቷል። ስንመታው ዝም ይላል። ከበሮ ይዘሽ ነይ፣ እናስገባሻለን» ብሎ ዘጋባት።

ትርሲት ወደ ድራማ ክበብ ሄደች። ልጆቹ ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ቆመዋል። አንዳቸውም ዓይናቸውን አያርገበግቡም።

«ከበሮ ስጡኝ፤ ሙዚቃ ክበብ ያለ ከበሮ አላስገባም አለ።»

«መብራታችን በበራ ቁጥር ይጠፋል» አሉ ባንድ አፍ። «ፋኖስ ከሌለ ከበሮ የለም።»

እየተጣደፈች ወደ ፎቶ ክበብ ሄደች። ሐመልማል የምትባል ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ፋኖስ ስጪኝ፤ ድራማ ክበብ ያለ ፋኖስ ከበሮ አልሰጥም አለ፣ ሙዚቃ ክበብ ያለ ከበሮ አላስገባም አለ።»

ሐመልማል ግድግዳውን አሳየቻት። «እዪ፣ ሰው ሳነሳ ባዶ ወንበር ይወጣል። ዛፍ ሳነሳ ባዶ ወንበር ይወጣል። የፈካ አበባ አምጪልኝ፤ ምናልባት እሱ ይወጣልኝ ይሆናል። ያኔ ፋኖሱን ውሰጂ።»

ግድግዳው ላይ ሁሉም ፎቶ ያው አንድ ወንበር ነበር። ትርሲት ዓይኗን ሰብራ ወጣች፤ ወደ አትክልት ክበብም ሄደች። ገመቹ የሚባል ልጅ ጽጌረዳዎቹ መሃል ቁጭ ብሏል።

«የፈካ አበባ ስጠኝ፤ ፎቶ ክበብ ያለ አበባ ፋኖስ አልሰጥም አለች፣ ድራማ ክበብ ያለ ፋኖስ ከበሮ አልሰጥም አለ፣ ሙዚቃ ክበብ ያለ ከበሮ አላስገባም አለ።»

«ከየት አባቴ ላምጣልሽ? እንቡጡ ሁሉ እንደ ጡጫ ተጨብጧል። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም። ከግቢው ጀርባ ካለው አሮጌ ጉድጓድ ቀድተሽ አጠጪው።»

«አንተስ ለምን አትቀዳም?»

ገመቹ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ እዚያ አልሄድም» አለ።

ትርሲት የአትክልቱን ባልዲ ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። በጉድጓዱ ገመድ አስራ ለቀቀችው። ከታች ውሃው ይንቦጫቦጫል፤ ባልዲው ግን ደረቁን ይወጣል። ደግማ ብትለቀው አሁንም ደረቅ። አንገቷን አስግጋ ወደ ታች ጮኸች፦

«ውሃ ስጠኝ እንጂ! እንቡጡ ያለ ውሃ አልፈካም አለ፣ ፎቶ ክበብ ያለ አበባ ፋኖስ አልሰጥም አለች፣ ድራማ ክበብ ያለ ፋኖስ ከበሮ አልሰጥም አለ፣ ሙዚቃ ክበብ ያለ ከበሮ አላስገባም አለ!»

ከታች የሴት ልጅ ድምፅ መለሰ። «ማነሽ?»

ትርሲት ልትሮጥ ዞረች። ግን እዚህ ግቢ ከገባች ወዲህ ማንነቷን የጠየቃት ይሄ ድምፅ ብቻ ነው። ተመለሰች።

«ትርሲት ነኝ። አንቺስ ስምሽ ማነው?»

ከታች ውሃው አንዴ ተንቦጫቦጨ።

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አለ ድምፁ። «እኔም አዲስ ነበርኩ። ከክበብ ክበብ ዞርኩ፤ ቆይ፣ ሌላ ቀን ነይ አሉኝ። ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ስል እዚህ ገባሁ። ከላይ ሲፈልጉኝ እሰማ ነበር። ‹ያቺ ልጅ፣ ያቺ ልጅ› ይላሉ። ማን ብለው ይጥሩኝ? ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። ወለላ እባላለሁ። ጥሪኝ።»

ትርሲት ዓይኗ እንባ ሞላ። በሁለት እጇ የጉድጓዱን አፍ ይዛ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች። «ወለላ! ወለላ፣ ነይ ውጪ! አብረን እንሂድ!»

ገመዱ ተወጠረ። ባልዲው ከበደ፤ ውሃ ብቻ ከሚከብደው በላይ ከበደ። ስባ አወጣችው።

ጉድጓዱ ውሃውን ሰጠ፣ ውሃው እንቡጡን አፈካ። ገመቹ አበባውን ሲሰጣት ከኋላዋ መሬቱ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አበባው ፎቶ ሆኖ ወጣ፤ ፎቶው ላይ አበባውን የያዘው እጅ ግን የትርሲት እጅ አይደለም። ሐመልማል ፋኖሱን ሰጠች፣ ፋኖሱ ድራማ ክበብን አበራ፣ ልጆቹም ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከበሮውን ሰጡ።

ትርሲት ከበሮውን አቅፋ አሮጌው አዳራሽ ደረሰች። ዘወር ብላ አላየችም፤ ግራ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋች። ቀዝቃዛ ጣቶች ያዟት። አንኳኳች።

ኢዮስያስ ከፈተ። ትርሲትን አየ። ከዚያ ከትከሻዋ ኋላ አየና ክው አለ። ውስጥ ያሉትም ዘፈናቸውን አቆሙ።

«አስገባን» አለች ትርሲት። «እኔ ትርሲት፣ እሷ ወለላ።»

ኢዮስያስ በሩን በሰፊው ከፈተና ወደ ጎን ቆመ።

«ግቡ» አለ።

ገቡም። ያን ምሽት በዚያ አዳራሽ የተዘፈነውን የሰማ ሁሉ፣ መሃል ላይ አንድ ከታች የሚመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነበር ይላል። እኔ ከደጅ ስለቀረሁ ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ተረቴን ግን ይዛችሁ ሂዱ።