ዘንጉን የያዘ ሁሉ እስኪመሽ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ሽንኩርት ያለማ ነበር። ክረምት ላይ ጎርፍ ቦዩን ናደው። በጋ ሲገባ ውሃው ከተናደው ቦታ እየፈሰሰ ከእሱ በላይ ያለውን የአንድ ባለጠጋ ማሳ ብቻ ያጠጣ ጀመር። የገበሬው ችግኝ ጠወለገ።

የዚያ አገር የሸንጎ ደንብ እንዲህ ነበር፦ የሸንጎውን ዘንግ የያዘ ሰው ይናገራል፤ ራሱ እስኪቀመጥ ማንም አያቋርጠውም፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሸንጎው ሳይወስን ለሳምንት ይበተናል። ባለጠጋው ይህን ያውቃል። የቦዩ ጥገና በተነሣ ቁጥር ዘንጉን ቀድሞ ይይዝና የበሬዎቹን ዘር ማንዘር ሲቆጥር ይመሻል።

«ባለፈው ሳምንት ወይፈኑ ተወለደ፤ ዛሬ ደግሞ አያቱን ሊድሩልን ነው» አለች አንዲት ባልቴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ።

በየመንገዱም በየወፍጮ ቤቱም ሰው ሁሉ ደንቡ ይሻሻል ይል ነበር። ገበሬው ግን ፈራ። አንድ ጊዜ በሐሰት ሲከሰስ ያዳነው ያው ዘንግ ነው፤ ግማሽ ቀን ተናግሮ ነው እውነቱ የተሰማለት። «ዛሬ የሱን አፍ ብንዘጋ፣ ነገ የእኔንስ?» እያለ ይጨነቃል።

በአራተኛው ሳምንት ችግኙ ከዚያ በላይ እንደማይቆይ አየ። ማልዶ ሄደና ዘንጉን ያዘ።

«እስኪመሽ መናገር እችላለሁ፤ አልናገርም» አለ። «ከእንግዲህ ማንም ያሻውን ይናገር። የዚህ የሸንጎ ዛፍ ጥላ አንድ እርምጃ ሲሄድ ግን ዘንጉን ለሌላ ይስጥ። የሚናገር ሁሉ ከተሰማ በኋላ እጅ ይቆጠር። በዚህ የሚስማማ ይነሣ።»

ሰው ሁሉ ተነሣ፤ የባለጠጋው ወንድሞች ሳይቀሩ። ባለጠጋው ሊቃወም ብድግ ቢል ባልቴቲቱ፣ «ይኸው ጌታውም ተነሡ!» ብላ ሸንጎውን አሳቀችው።

የሸንጎው ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «አባቶቻችን ዘንጉን ያቆሙት ሰው እንዲሰማበት ነው፤ ሸንጎ እንዲታገድበት አይደለም። ይሁን» አሉ።

ገበሬው ዘንጉን መጀመሪያ ለባለጠጋው ሰጠው። ሰውየውም ጊዜው አጭር ሲሆንበት በሬዎቹን ትቶ ስለ ቦዩ ተናገረ፤ ለካ «ጥገናው ማሳዬን ጨርሶ ያደርቀዋል» ብሎ ሰግቶ ኖሯል። ሸንጎውም እውነት አለው ብሎ ከቦዩ ወደ ማሳው ትንሽ የውሃ መውጫ ፈቀደለት። ከዚያ እጅ ተቆጠረ፤ ቦዩ ይጠገን ተባለ፤ በማግስቱም ሁሉም አካፋውን ይዞ ወጣ። ውሃው ከሽንኩርቱ ሥር ሲደርስ ገበሬው እዚያው መደቡ ዳር ቁጭ ብሎ እፎይ አለ።

እንግዲህ መካሻ ልጄ፣ «በምክር ቤት ጥቂቶች በንግግር ብዛት ድምፅ እንዳይሰጥ ሲያግዱ፣ ሕዝቡ ደንቡ ይሻሻል ቢል አፍ መዝጋት አይሆንም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጥያቄህ ደግ ነው፤ እኔም ደንብ ሲነካ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ዘንጉ የምክር ቤቱ ደንብ ነው፤ ባለጠጋው፣ መናገርን ማገጃ ያደረገው ነው፤ የተነሣው ሰው ደግሞ ሕዝቡ ነው። የተነሡት ዘንጉን ሊሰብሩ እንዳልነበረ አስተውል። ለባለጠጋው ጆሮ ሰጡት፤ የከለከሉት እስኪመሽ መናገሩን ብቻ ነው። አንተም እንዲህ ያለ ለውጥ ሲጠየቅ ብትሰማ፣ ዘንጉ መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ ጠይቅ፤ ለተቃዋሚው ከሆነ፣ ሳትፈራ ተነሥ።