የአያ ጅቦ ጠጠሮችና የቀበሮ ገመዶች

አንድ ጊዜ አንበሳ በሚገዛው ሸለቆ አያ ጅቦ አዲስ ሕግ አስወጣ። በልደት፣ በጋብቻ ወይም ልጅ በማሳደግ ከንጉሡ ቤት ጋር የማይገናኝ እንስሳ ይበላ የሚል ነበር። ለምን እንዳስወጣው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሕጉን ሲያቀርብ ዓይኑ ሣር የምትግጠው አህያ ላይ ነበር።

አንበሳም ሕግ ያለ መዝገብ አይሠራም ብሎ ጅብና ቀበሮ ነዋሪውን እንዲመዘግቡ አዘዘ። ጅብ ሥራ ስለማይወድ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ጠጠር አስቀምጦ በአንድ ጀንበር ጨረሰ። ቀበሮ ግን ለእያንዳንዱ ችካል ተከለች። ከዚያም ከቤት ቤት እየዞረች ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ እየጠየቀች የሚዛመዱትን ችካሎች በገመድ አገናኘች። ዝምድናው እንዲለይም በገመዱ ላይ ለልደት አንድ፣ ለጋብቻ ሁለት፣ ልጅ ላሳደገ ሦስት ቋጠሮ ቋጠረች።

ጅብ አላገጠባት። «መዝግቢ ብትባዪ የሸረሪት ድር ትሠሪያለሽ?»

ሳምንት ሳይሞላ አህያን በጆሮዋ እየጎተተ አንበሳ ፊት ቀረበ። ጠዋቱን ሙሉ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቢቆይም ስለ ዘመዶቿ የሚነግረው ጠጠር አላገኘም። በቅሎንም ጠይቋት ነበር፤ እሷ እንደ ልማዷ እናቷ ፈረስ እንደሆነች ነግራው አልፋለች። ምስኪኗ አህያ ዘመድ አለኝ ብትልም ሰሚ አጣች።

«ዘመድ የላትም፤ ይፍቀዱልኝና ልብላት» አለ ጅብ ለሃጩን እየዋጠ።

ቀበሮ ነዋሪውን ሁሉ ስትፈልግ አልዋለችም። በቀጥታ ወደ አህያ ችካል ሄዳ ገመዱን ተከተለች።

«አንድ ቋጠሮ፤ በቅሎ የወንድሟ ልጅ ናት። በቅሎ ስለ እናቷ እንጂ ስለ አባቷ አታወራም። ከበቅሎ ደግሞ ሦስት ቋጠሮ፤ የንጉሡን ደቦሎች ያሳደገች ሞግዚት እሷ ናት። ጌታዬ፣ አህያ ከቤትዎ የምትርቀው ሁለት ገመድ ብቻ ነው።»

በቅሎ አፍራ አንገቷን ደፋች። ጅብ ግን ምሳው ሲያመልጠው አይቶ ተናደደና የአህያና የበቅሎ ገመድ አሁኑኑ ይቆረጥ አለ።

«እቆርጠዋለሁ» አለች ቀበሮ። «ግን ከአህያ ችካል የወጣው ሌላው ገመድ የሚሄደው ወደ አንተ ችካል ነው። ባለፈው ክረምት ጥንብ ፍለጋ ስትጠፋ፣ ሚስትህ ታማ ስለነበር ልጅህን አጥብታ ያሳደገችው አህያ ናት። አንተ ማን እንዳጠባው ጠይቀህ አታውቅም። ከንጉሡ ቤት የሚያደርስህ ሌላ ገመድ ፈልጌ አጣሁልህ።»

አንበሳ ያን ቀን ቁርስ አልቀመሰም ነበር። ቀና ብሎ ጅብን አየው።

አያ ጅቦ በጣም ፈራ። የአህያን ጆሮ ቀስ ብሎ ለቀቀና፣ «እመት አህያ፣ ልጁ እንዴት እንደሚናፍቅሽ ብታዪ» አላት። በዚያው ለእራቷ የሚሆን ጭድ ተሸክሞላት እስከ ቤቷ ሸኛት። እሷ ግን መንገዱን ሁሉ ከኋላው እንጂ ከፊቱ አልሄደችም።

ከዚህ የምንማረው ሌላውን ዘመድ የለሽ ብለን ከመጣላችን በፊት፣ እኛን የያዘን ገመድ በማን በኩል እንደሚያልፍ ማየት እንዳለብን ነው።