የቢሻው የበርበሬ ማሳ

እኛ አገር አንዱ ጠብ አበርዳለሁ ብሎ በጩኸት ይገባና ወሬውን መንደር ለመንደር ሲያዳርሰው፣ ሰዎች ፈገግ ብለው የሚጥሏት አንዲት አባባል አለች። የቢሻውን ነገር ያልሰማ ስለ እርሻ የሚያወሩ ይመስለዋል።

ቢሻው ጉልበት ሞልቶታል፤ ትዕግሥቱ ግን ከፌንጣ አይሻልም። ስመኝ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ አያ ደርሰህ፣ «መጀመሪያ በርበሬ አብቅሎ ያሳየኝ፤ ማሳ ያላሳመረ ቤት አያሳምርም» አሉ።

ከእናቱ በወረሰው ማሳ ላይ ደግሞ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሣር ተንሰራፍቶበታል። ጎረቤቱ እማማ ዘነበች አንዱን መዘዝ አድርገው አሳዩት።

«እየው ልጄ፣ በየአንጓው ሥር አውጥቷል። ይሄ ሰርዶ ነው። ጎልጉለህ ልቀመውና ድንጋይ ላይ አድርቀው።»

«እማማ ደግሞ፣ ሣር ሣር ነው! ተንበርክኬ ስለቅም የስመኝ አባት ቢያዩኝ ምን ይሉኛል? ደቦ ጠርቼ ብትንትኑን አወጣዋለሁ!»

እውነትም ጠራ። ጠላው ተጠመቀ፣ ጎረምሳው በሬውን እየነዳ መጣ፣ በዘፈንና በጅራፍ ጩኸት ማሳው አግድም ታርሶ ቁልቁል ተደገመ። ሰርዶው እንደ ጎመን ተከትፎ አፈር ውስጥ ገባ። መሬቱ ጥቁር ብሎ ሲታይ ቢሻው ደረቱን ነፋ፤ ዝናብ ጣል ሲያደርግም የበርበሬ ችግኙን ተከለ። እማማ ዘነበች ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤታቸው ገቡ። የማይሰማን መምከር ሰልችቷቸው ነበር።

ክረምቱ ሲጠና የተከተፈችው ቁራጭ ሁሉ ለየብቻዋ ሥር ሰደደች። አያ ደርሰህ በበቅሏቸው ሲመጡ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ሰርዶ ለብሷል።

«በርበሬው የታለ?»

ቢሻው ጎንበስ ብሎ ሰርዶውን ገለጥ ገለጥ እያደረገ ፈለገ። የጠወለገች ችግኝ አገኘ። በቅሎዋ ግን አንገቷን ደፍታ ትግጣለች፤ ልጓሟን ቢስቡትም አልነቃነቅ አለች።

«ለዚህ ማሳማ በቅሎዬን እድራለሁ እንጂ ልጄን አልድርም! ሰርዶውን ለቅመህ ስትጨርስ፣ ለከርሞ ሽማግሌ ላክ» አሉና በቅሏቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

የቢሻው ዓይን እንባ ሞላ። ስመኝን አንድ ዓመት መጠበቅ ለእሱ የዕድሜ ልክ ያህል ነበር።

«አያ፣ እባክዎ! የአገሩን በሬ ሁሉ አሰልፌ ነው እኮ ያረስኩት! ድካሜን አላዩልኝም?» ብሎ ከኋላቸው ጮኸ።

አያ ደርሰህ ዞርም አላሉ፤ ከራሳቸው አጥር ማዶ የቆሙት እማማ ዘነበች ግን መለሱለት፦ «ድካምህንማ አየን ልጄ፤ ሥሩን ሳያይ ያረሰ፣ ሰርዶን አነገሠ!»